አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር

ጥቅምት 6

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን «ደህና ነኝ የሚል ቃል ካየሁ ደብዳቤውን አልጨርሰውም» ስላልክ ተውኩት። ስለቆየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። መልስህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አዎ፣ ታምሜአለሁ። የነገረችህ የመጋረጃ ቤቱ አለቃዬ እንደሆነች ገብቶኛል፤ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ደግ ነው። ከነገረችህ ግማሹ እውነት ነው። ከመሰላል አልወደቅኩም። ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ ግራ ጎኔን ይዤ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ አልኩ፣ በቃ። ሽንቴ ቀይ መሆን ከጀመረ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህን ለአባት መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን በስልክ ከማወራው ይሻላል። ባለፈው እኔ ስጮህ፣ አንተ «ጮክ በይ» ስትል፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው ሥራ የፈታው።

የኩላሊት ጠጠር አይደለም። ሁለት ዓመት ጠጠር ነው ሲሉኝ ኖረዋል። አዲሷ ሐኪም ግን በወረቀት ላይ ሥዕል ሣለችልኝ። ከልብ ቁልቁል የሚወርድ ትልቅ ደም ቅዳ አለ። ከእሱ ላይ ወደ አንጀት የሚሄድ ሌላ ደም ቅዳ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲታዩ የተከፈተ መቀስ ናቸው። ከግራ ኩላሊቴ ደሙን የሚመልሰው ሥር የሚያልፈው በመቀሱ መሐል ነው። ሌላው ሰው እዚያ ጋ ትንሽ ስብ ስላለው ክፍተት ያገኛል። እኔ ምን ስብ አለኝ? ስለዚህ ሥሩ ይጨመቃል፤ ደሙ መመለሻ አጥቶ ኩላሊቴ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ማመምና መድማት ነው። ክብደት ጨምሪ ብለውኝ ስድስት ወር ስበላ ከረምኩ። አንድ ኪሎ ተኩል ጨመርኩ፤ እሱንም ጉንፋን ወሰደው። ቀጭኔ ብለህ ስም ስታወጣልኝ እንዲህ ያለ ጣጣ ይመጣል ብለህ አላሰብክም አይደል?

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ሆዴን ከፍቶ ሥሩን ቆርጦ ዝቅ አድርጎ መስፋት። ሌላው በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ የተጨመቀው ቦታ ላይ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ መረብ ቱቦ መዘርጋት፤ እሱ ሥሩን ከውስጥ ገፍቶ ክፍት ያደርገዋል። ሁለተኛውን መርጫለሁ። ጥቅምት 18 በሲቲ ስካን ይለኩኛል። ከዚያ በፊት ስምንት ሰዓት ምግብ የለም፤ ውሃ ግን ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል ብለውኛል።

ና ማለቴ አይደለም። እማዬን ትተህ የት ትመጣለህ? ለሁለት ቀን እንኳ የምትይዛት ሰው አይገኝም? ለእሷም አትንገራት።

ልጅህ

—

ጥቅምት 12

ለቀጭኔ፣

ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዩ ልገባ ነበር፤ እናትሽ አፍ ቢኖራት ግን «ዱር ነው እንዴ ያደግከው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ተቀበዪ።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደነገጥኩ። በሁለተኛው ተናደድኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ! በሦስተኛው አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ። በአራተኛው ነገሩ ገባኝ። የገባኝም በሙያዬ በኩል ነው፤ ሌላ መግቢያ በር የለኝም። ቱቦ ተጨፍልቋል፤ ውስጡ ሌላ ቱቦ ይገባና ገፍቶ ይይዘዋል። ይህን ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቀርጽ በኖርኩባቸው ሠላሳ አራት ዓመታት ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ መሰለሽ። ዋናው ልኩ ነው። ከጠበበ ይንሸራተታል፤ ከሰፋ ይሰነጥቃል። ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂና ጻፊልኝ። ምን ያደርግልሃል እንዳትዪኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ የምይዘው ነገር አጥቻለሁ፤ ቁጥርም ቢሆን ልያዝ።

«ለሁለት ቀን እንኳ የምትይዛት ሰው አይገኝም?» ላልሽው፣ ሞክሬአለሁ። በየሁለት ሰዓቱ ነው የማገላብጣት፤ እሱን የጎረቤታችን ሚስትም ትችለዋለች። ግን ምግቡ ከእኔ እጅ ካልሆነ አፏን ትገጥማለች። ስትሮኩ የያዘው ግራ ጎኗ እንደዚያው ነው፤ ንግግሯም አልተመለሰም። የምታወራው በቀኝ እጇና በዓይኗ ብቻ ነው። ያንቺን ነገር አልነገርኳትም። አትስጊ፣ ደብዳቤሽንም በሹክሹክታ ነው ያነበብኩት።

አሁን ምክሬን ስሚ። ስምንት ሰዓት ያሉሽ ለሁሉም ሰው የሚሉት ነው፤ ከሁሉም ሰው የሚቸኩለውን አስበው ነው። አንቺ ትርፍ ስጪበት። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ምንም አትቅመሺ። ውሃውንም ተዪው። ባዶ የሆነ ዕቃ ነው ውስጡ በደንብ የሚታይ። መጋረጃ ስትቆርጪ አራት ጣት ትርፍ ትተዪ የለ? ከማን የወረስሽው ነው? ሲበዛ ትቀንሺዋለሽ፤ ሲያንስ ግን ከየት ታመጪዋለሽ።

አባትሽ

—

ጥቅምት 22

አባዬ፣

ለሁለቱም ካርዶችህ አመሰግናለሁ፤ በተከታታይ ቀን ነው የደረሱኝ። ፖስተኛው «አባትሽ ሥራ የላቸውም?» ብሎኛል።

አዎ፣ እንዳልከኝ አድርጌአለሁ። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ጠብታ በአፌ አልገባም። ጠዋት ሥራ ቦታ ሁሉም ሻይ ሲጠጡ እኔ ለመርፌዬ ክር ሳጎርስ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል። ማሽኑ ያለበት ክፍል በጣም ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳው ላይ የባሕር ሥዕል ለጥፈዋል፣ እንደው እኔን ለማስጎምጀት። መርፌ የምትሰካልኝ ልጅ አራት ጊዜ ወጋችኝ። «ሥሮችሽ የት ገቡ?» አለች። «ቀጭን ነኝ» አልኳት። ሐኪሟም መጥታ «ውሃ ጠጥተሻል አይደል?» ስትለኝ «ልክ እንዳላችሁኝ አድርጌአለሁ» አልኳት። የራሳችንን ትርፍ ለእሷ ምን ብዬ አስረዳታለሁ?

የጠየቅከውን ቁጥር ይዤልሃለሁ። ሥሩ የተጨመቀበት ቦታ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጤነኛው ቦታ ላይ አሥር ነው። የሚያስገቡት ስቴንት አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሆን ብለው ከሥሩ ትንሽ ሰፋ ያለ ይመርጣሉ፣ ግድግዳውን ገፍቶ እንዲይዝ። ስቴንቱን በሚያስገቡበት ዕለትም ከውስጥ በአልትራሳውንድ ደግመው ይለኩታል። «አባቴ ቶርኖ ሠራተኛ ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ» ብላት ሳቀችና በትልቁ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

መፍራቴን ጠይቀሃል። አዎ፣ እፈራለሁ። ሰው ፊት አልፈራም፤ ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ። መቁረጫ ጠረጴዛዬን ለሌላ ልጅ አስረክቤአለሁ፤ መቀሴን ግን ደብቄዋለሁ፣ በእኔ መቀስ ወረቀት ይቆርጡበታልና።

የሚያስገቡት ኅዳር 3 ነው። ለዚያም ቀን በራሳችን ልክ እዘጋጃለሁ።

ልጅህ

—

ኅዳር 9

አባዬ፣

ሆነ! አለቀ!

በጀርባዬ ተኝቼ ስለሆነ የምጽፈው መስመሩ ተጣመመ፤ ይቅርታ። ቶሎ ያልጻፍኩት እንዳልነሳ ስለከለከሉኝና ቀጥሎም የፖስታ ቤቱ ሰው ዕረፍት ስለወጣ ነው። የምልህን እመነኝ፤ የደበቅኩህ የለም። አላመመኝም። ነቅቼ ነበር። ብሽሽቴ ላይ መርፌ፣ ከዚያ የሆነ ግፊት፣ ከዚያ «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ልቀቂ» ብቻ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ስቆጥር ሁለት መቶ ሳይሞላ ጨረሱ። ሆድ ሳይቀደድ፣ ስፌት ሳይኖር! ለመጋረጃ ሰፊ እንዴት እንደሚገርም አስበው።

«ይዞ ተቀመጠ ወይ?» ላልከው፣ በራጅ አሳይተውኛል፤ ቦታው ላይ ነው። ደሙ በእሱ ውስጥ ሲያልፍም አየሁት። ትላንት ደግሞ ሽንቴ ጠራ። ሁለት ዓመት ያላየሁትን ነገር ሳይ መጸዳጃ ቤት ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን አንኳክታ «ምነው እናቴ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ምንም አልሆንኩም» አልኳት፤ የዛሬው «ምንም» እውነት ነበር።

ደሜን የሚያቀጥን ኪኒን እውጣለሁ። ለሦስት ወር ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው።

እማዬን በጣቶቿ በኩል ሳምልኝ።

ልጅህ

—

ኅዳር 15

ለቀጭኔ፣ ለጀግናዋ፣

በጣቶቿ በኩል ስሜልሻለሁ። ጣቶቿ ደግሞ ጆሮዬን ያዙና ጎተቱኝ፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ሄጄ እንደ ልማዴ በሹክሹክታ አነበብኩት። ገና ሳልጨርስ የጎረቤታችን ሚስት ሊጥ በያዘ እጇ እየሮጠች ገባች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል። ወረቀት ሰጠኋትና ጻፈችልኝ፤ «እንኳን ሽንቷ ጠራ!» ይላል። ቀና ብዬ በመስኮት ስመለከት ከአጥሩ ማዶ ሦስት ሰዎች ያጨበጭባሉ። ለካ ሹክሹክታዬ መንገድ ድረስ ይሰማል! ለካ ከጥቅምት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ኩላሊትሽን ሲከታተል ነበር! እናትሽማ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝታ ሁሉንም ሰምታለች። ደብቄልሻለሁ ብዬ እኔ ብቻ ነኝ የተሸወድኩት። ዞር ብዬ ሳያት በቀኝ እጇ «ና» አለችኝና ጆሮዬን ያዘች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ ከዕቃ ሳጥኔ አውጥቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ሰው ሲያገኘኝ አውጥቼ አሳያለሁ። «ይህን የሚያህል ነው ልጄ ውስጥ ያለው» እላለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሁለት ሴቶች አስደንግጫለሁ።

ምክሬ ደህና እንደጠቀመሽ አያለሁ። እስቲ ከእንግዲህ አባትሽን ስሚ።

አባትሽ

—

ታኅሣሥ 1

አባዬ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ስላልመለስኩ አትቀየመኝ።

ደህና ነኝ። ወደ ሥራ ግን ገና አልተመለስኩም። ለምርመራ ስመጣ ትንሽ ቆዪ አሉኝ፤ ቆየሁ። ራጅ ተነስቻለሁ፣ አዎ። የልብ አልትራሳውንድ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀሃል፤ ለሁሉም ያደርጋሉ መሰለኝ። አለቃዬ የነገረችህን ሁሉ አትስማ።

እዚህ ያሉት መጋረጃዎች አጥረዋል፤ ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ነው።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ

—

ታኅሣሥ 7

ልጄ፣

ሦስት ገጽ ትጽፊ የነበርሽ ልጅ አሥር መስመር ላክሽልኝ። ከአሥሩ ውስጥ አንዱ ስለ መጋረጃ ነው። «ደህና ነኝ» የምትል ቃልም አለችበት።

ጆሮዬ ነው የደነቆረው፣ ዓይኔ ደህና ነው። ጎረቤታችን መምህሩን ለምኜ ሆስፒታሉ ጋ አስደወልኩት። አጠገቡ ቆሜ ፊቱን ሳይ ነበር። ሲናገር አየሁ፣ ሲያዳምጥ አየሁ፣ ሲጠቁርም አየሁ። «ለቤተሰብ ካልሆነ አንናገርም አሉኝ» ብሎ ጻፈልኝ። «ይኸው ቤተሰቡ!» ብዬ ስልኩን ቀምቼ ጮህኩ። የሚመልሱልኝን ግን በምን ልስማው? ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆሜ፣ ማዶ የሆነ ሰው ስለ ልጄ እያወራልኝ፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም። መምህሩ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው።

በግልጽ ልጠይቅሽ፣ በግልጽ መልሺልኝ። ከቦታው ተንቀሳቅሷል? ሲያስገቡት ለክተው ተሳስተዋል?

አባትሽ

—

ታኅሣሥ 13

አባዬ፣

ይቅር በለኝ። ስልኩን ይዘህ እንደቆምክ ሳነብ መዋሸት አቃተኝ።

አዎ፣ ተንቀሳቅሷል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደረጃ ስወጣ ልቤ ዘለለ፤ ድካም መሰለኝ። ስመጣ ራጅ አነሱኝ። የራጅ ሠራተኛው ወረቀቱን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «አንዴ ቁጭ በይ» ብሎ ወጣ። ስቴንቱ የነበረበት ቦታ ላይ የለም። ከሥሩ ተንሸራቶ ወደ ትልቁ ደም መልስ ገብቶ፣ ከደሙ ጋር ወጥቶ፣ የልቤ ቀኝ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

በአንገቴ በኩል ጫፉ ሸምቀቆ የሆነ ሽቦ አስገብተው ሊይዙት ሞከሩ። አንድ ጊዜ ያዙት፤ አመለጠ። የልቤ መዝጊያ ላይ ካሉት ክሮች ጋር ተጠላልፏል አሉኝ፤ አጥብቀው ቢጎትቱ መዝጊያውን ይቀድደዋል፤ ስለዚህ ተዉት። አሁን የቀረው ደረቴን መክፈት ነው። ሆዴ እንዳይከፈት ብዬ መርጬ ደረቴ ሊከፈት ነው። የልብ ቀዶ ሐኪሙ የሚመጣው ከሌላ ሆስፒታል ነው፤ ታኅሣሥ 26 ብለውኛል። እስከዚያ ተኝቼ እጠብቃለሁ። በጎኔ አትተኚ፣ አትቸኩዪ፣ አታስሊ ይሉኛል። ሳል ሲመጣብኝ ትራሱን እነክሳለሁ።

ጎኔም ተመልሷል፤ ሽንቴም ቀልቷል።

ሐኪሟ በየቀኑ ሥራዋን ጨርሳ ትመጣለች። ወንበሩን ስባ ትቀመጥና የጥቅምቱንና የአሁኑን ሥዕል ጎን ለጎን ትይዛለች። ያኔ አሥር የነበረው ሥር አሁን አሥራ አምስት ነው። ታየዋለች፣ ታየዋለች። «ሁለት ጊዜ የለካሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳጠፋሁ ካላወቅኩ ሌላ ሰው እንዴት እነካለሁ?» አለችኝ።

ለክተው ተሳስተዋል ወይ ላልከው፣ አልተሳሳቱም። ከዚህ በላይ ስለ ልኩ አትጠይቀኝ፣ እለምንሃለሁ። እሱን ተወው፤ ስለ እማዬ ጻፍልኝ።

ልጅህ

—

ታኅሣሥ 19

ልጄ፣

«ስለ ልኩ አትጠይቀኝ» አልሽ። እኔን! ሁለት ቀን ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ በሦስተኛው ቀን የድሮ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። «ጠብታ በአፌ አልገባም።» «ሥሮችሽ የት ገቡ።» እያነበብኩ ሰዓቱን በጣቶቼ ቆጠርኩ።

ሥራ ለሚለምዱ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው አንድ ነገር ነበር። ከቶርኖ የወረደ ብረት ትኩስ ነው፤ ትኩሱን አትለኩት፣ ሲበርድ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ዕቃውን በሚሠራበት ሁኔታ ላይ ለኩት እላለሁ። ስንቱን ልጅ በዚህ ተቆጥቻለሁ፣ ስንቱን አስለቅሻለሁ። የራሴን ልጅ ግን ከሃያ አራት ሰዓት በላይ አድርቄ፣ ሥሯ በውሃ ጥም ተሸብሽቦ እያለ ለልክ ሰደድኳት። ውሃሽን ስትጠጪ ሥርሽ ሰፋ፤ ብረቱ ጠበበው፤ ሄደ። ሐኪሟ አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንቺም አውቀሽ ለእኔ ስትዪ ዝም ብለሻል። ምነው፣ ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ ያለ ዝምታ የተሸከምሽልኝ!

ሌላም አለ፤ ካልነገርኩሽ ያፍነኛል። ያቺን የጥቅምት ደብዳቤ ስጽፍ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። እየጻፍኩ ቃሉን በአፌ እለዋለሁ፤ እንደምታውቂው፣ እጮሃለሁ። «ውሃውንም ተዪው» ስል እናትሽ ብርጭቆዋን ገፋች። ጠማት ብዬ አጠጣኋት። አፏን ገጠመች። መልሼ ስጽፍ እንደገና ገፋችው። ውሃው አልጋው ላይ ፈሰሰ። ተቆጣኋት፤ አንሶላ ቀየርኩ፣ ደብዳቤውን አሸግኩ። ትላንት ሁሉንም ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ያንኑ ብርጭቆ በጣቷ አሳየችኝ። ያን ቀን አልጠማትም ነበር። ልጅቷ ውሃ ትጠጣ እያለችኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እያረመችኝ የኖረች ሴት ናት፤ አፏ በተያዘበት ወቅት እኔ እንዳሻኝ መከርኩ።

ልመጣም ነበር። ሰኞ ለጎረቤታችን ሚስት አደራ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አውቶቡስ ሄድኩ። ተሳፍሬ መስኮት ጋ ተቀምጫለሁ። መምህሩ በብስክሌት መጥቶ መስተዋቱን ደበደበ። አፏን ገጥማ አልበላ ብላ፣ ሊያጠጧት ሲሉ ትን ብሏት ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ወረድኩ። አውቶቡሱ ሻንጣዬን ይዞ ሄደ። አሁን እሷ ደህና ናት። ሻንጣዬ ግን አንቺ ያለሽበት ከተማ ገብቷል፤ እኔ እዚህ ነኝ።

ለሐኪሟ የጻፍኩት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። ስጫት። በተሳሳተ ቁጥር ዳግመኛ እንዳትሠራልሽ፣ ባላጠፋችውም ራሷን እንዳትበላ። ለእኔ ብለሽ እንዳትደብቂው።

ትጠዪኛለሽ?

አባትሽ

—

ታኅሣሥ 25

አባዬ፣

ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። «ሳትጠጪ የቆየሽው ስንት ሰዓት ነበር?» አለችኝ። «ሃያ ስድስት፤ ሁለቱንም ጊዜ» አልኳት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችው። ከዚያ «መርፌ አራት ጊዜ ስትወጊ ማወቅ ነበረብኝ። ጠጥተሻል ወይ ብዬ ሳይሆን መቼ ጠጣሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ይኸው ሦስታችን በአንድ ጥፋት እንሻማለን። ማንም ለማንም አይለቅም።

ጥያቄህን መመለስ አለብኝ፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅምና እውነቱን ልንገርህ። ተቆጥቼህ ነበር። ራጅ ክፍል «አንዴ ቁጭ በይ» ያሉኝ ቀን በአንተ ላይ የተቆጣሁትን ያህል በማንም ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። ማታውኑ በረደልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ብርጭቆው ፊቴ ነበር፤ ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝም የዋሸኋት እኔ ነኝ። አልጠላህም። ብጠላህ ይቀለኝ ነበር።

ነገ ጠዋት ነው። ይህ ወረቀት ሲደርስህ ካለፈ ሦስት ወይም አራት ቀን ይሆነዋል። ይህን ስታነብ እኔ ወይ አለሁ፣ ወይ የለሁም፤ አንተም ያንን አታውቅም፤ እኔም ላንተ ልነግርህ አልችልም። ስልክ ቢደወል አትሰማም። መምህሩ ፊቱ ከጠቆረ እንዳታምነው፤ ሁሌም ጥቁር ነው ፊቱ።

ፈርቻለሁ አባዬ። አሁን ሰው ፊትም እፈራለሁ። ከጎኔ ያሉት አሮጊት እጄን ይዘውልኛል፤ በግራዬ ነው የምጽፈው።

እማዬን ሳምልኝ። ብርጭቆዋን ስላልተረዳህላት አትቆጣ፤ እኔም ብሆን አይገባኝም ነበር።

ልጅህ

—

ጥር 6

አባዬ፣

ጽሑፉ የሐኪሟ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። እጄን ማንሳት ስለማልችል እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቀስ ብዬ ስለማወራ ብዙ ትጠብቀኛለች።

አለሁ።

ብረቱ ወጥቷል። የልቤ መዝጊያ ትንሽ ተጎድቷል፤ ሰፍተውታል፤ ይይዛል ወይ አይይዝም የሚታወቀው በጊዜ ነው ብለዋል። የኩላሊቴ ሥር ደግሞ እንደ ድሮው ተጨምቆ ነው ያለው። ጎኔ ያማል፣ ሽንቴ ቀይ ነው። ደረቴ እስኪድን ድረስ አንድ ዓመት ማንም አይነካውም። ብይ፣ ተኚ፣ ጠብቂ ብለውኛል። የጀመርንበት ቦታ ላይ ነን፤ የጨመርኩት ይህን የደረቴን ስፌት ብቻ ነው። ስፌቱንም አይቼዋለሁ፤ የሰፋው ሰው የእኛ ሠራተኛ ቢሆን ከመጋረጃ ቤታችን ይባረር ነበር።

መምህሩ ሲደውል፣ አስቀድሜ ስለፈቀድኩ፣ መኖሬን እንደነገሩት፣ አንተም በር ላይ ቆመህ ፊቱን ስታይ እንደነበር ሰምቻለሁ። የላክኸው ቴሌግራም ሐኪሟ ኪስ ውስጥ ነው። «ምን ላድርግልሽ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ሦስት ቀን አሰብኩበት። የምታደርግልኝ ነገር የለም አባዬ። እኔም ላንተ የለኝም። ሐኪሟም ለጊዜው የላትም፤ ይህንን ስትጽፍ እጇ ቆም ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። ምክር መስጠትህን እንደማትተው አውቃለሁ፤ ተው ብልህም አትተውም። ከእንግዲህ ግን ሳታሽገው በፊት ለእማዬ አንብብላት። ድምፅህን አትቀንስ። አንብበህ ስትጨርስ ብዕሩን አስቀምጥና እጇን እያት። እስክትጨርስ ድረስ ቆይ፤ ብርጭቆም ብትገፋ፣ አንሶላም ቢረጥብ። እጇን ግራና ቀኝ ካወዛወዘች ቅደደው።

አሁን ደከመኝ፤ ሐኪሟም ሌላ በሽተኛ ይጠብቃታል። ይህን ለእማዬ አንብብላትና ምን እንዳለች ብቻ ጻፍልኝ።

ልጅህ